«ዘይት ዘይት ነው» ያለኝ የእጮኛዬ ወንድም ነው

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣልን ከወደ ልደታ ነው። ፖስታውን ስንከፍተው የተለመደው የፍቅር ጣጣ መስሎን ነበር፤ ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ ካምቢዮ ሆኖ አገኘነው። ይህ ዓምድ ስለ ቅናት፣ ስለ አማት፣ ስለ ብድርና ስለ አከራይ ብዙ ብሏል። ስለ ካምቢዮ ዘይት ሲጽፍ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። እህቶች ታዲያ «ይሄ የወንዶች ወሬ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት፤ በነገሩ ውስጥ የአንዲት ሴት የአራት ዓመት ቁጠባ አለበት። ስም እንደ ልማዳችን አይጠቀስም። ደብዳቤውን ትንሽ አሳጥረን እነሆ፦

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 28 ነው። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ልደታ ነው፤ አሁንም ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ተከራይቼ ነው የምኖረው። አምና እቁቤ ሲወጣልኝ፣ እጮኛዬ ደግሞ ለአራት ዓመት ከደመወዟ ያስቀመጠችውን ጨምራልኝ ቶዮታ ቪትዝ ገዛን። የ2008 ሞዴል፣ ሺህ ሲሲ፣ አውቶማቲክ ናት። መሪዋ ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የተዞረ ነው ብሎኛል ደላላው። ሊብሬው በእኔ ስም ነው፤ ልፋቱ ግን የሁለታችንም ነው። ጠዋት እሷን ሥራ አድርሼ እስከ ማታ ተሳፋሪ እጭናለሁ። ሰርጋችን ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። የድግሱ ወጪ የሚሸፈነው ከዚችው መኪና ነው።

«ከአንድ ወር ወዲህ ጠዋት ስነሳ መኪናዋ ትንቀጠቀጣለች። የቸርችልን ዳገት ስወጣ ሞተሩ ይጮሃል እንጂ እሷ አትፈጥንም። ለእጮኛዬ ታላቅ ወንድም አሳየሁት። መካኒክ ነው፤ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ላዳ ሲፈታና ሲገጥም የኖረ ሰው ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። አንዴ ነድቷት "የካምቢዮ ዘይቷ አርጅቷል፣ ቅዳሜ አምጣት፣ በነፃ እቀይርልሃለሁ" አለኝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ማታ ላይ አንድ የሥራ ጓደኛዬ "ይቺ እኮ ሲቪቲ ናት፤ ያገኘኸውን ዘይት ከጨመርክባት አበቃላት" አለኝ። ይህንኑ ለጋሼ ብነግረው ሳቀብኝ። "ዘይት ዘይት ነው! ቀዩን ዘይት ስንት ቪትዝ ላይ ሞልቻለሁ፤ አንዷም አልሞተችም" አለኝ። እጮኛዬን ባማክራት ደግሞ "ሌላ መካኒክ ጋ ሄደህ ወንድሜን እንዳታዋርደው፤ በአባቴ ቦታ ሆኖ ሽማግሌ የተቀበለልህ እሱ ነው" አለችኝ። ቅዳሜ ደረሰ። ምን ላድርግ ትሉኛላችሁ? ግራ የገባኝ ከልደታ።»

ግራ የገባህ ወንድማችን፣ በመጀመሪያ ቅዳሜን አራዝመው። «ሥራ በዝቶብኛል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ላምጣት» ማለት ውሸት አይደለም፤ ሥራ አለብህ። እስከዚያው ግን ቸርችልን በተሳፋሪ ሞልተህ አትውጣ። የምትንቀጠቀጥ መኪና ዳገት ላይ ማስጨነቅ፣ የታመመ ሰው ላይ ጆንያ እንደ መጫን ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ጓደኛህ ልክ ነው። ጋሼም ግን አልዋሸህም፤ ይህንን ልብ በል፣ በኋላ ለሽምግልናው ይጠቅምሃል። እኛ አዲስ አበባ ውስጥ «ቪትዝ» የምንላቸው መኪኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ካምቢዮ የላቸውም። ለጃፓን ገበያ የተሠራችው ቪትዝና ለዓረብ አገርና ለአውሮፓ የተሠራችው ያሪስ መልካቸው አንድ ነው፤ መንታ ናቸው። የዓረብ አገሯ አውቶማቲክ ያሪስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት ማርሽ የድሮው ዓይነት አውቶማቲክ ናት። የመጀመሪያው ቅርጽ ቪትዝም (ያቺ ዓይኗ ክብ ክብ ያለችው) ሺህ ሲሲዋ ባለ አራት ማርሽ ናት። እነዚህ ኤቲኤፍ የሚባለውን፣ ሰፈር ውስጥ «ቀዩ ዘይት» የምንለውን ነው የሚጠጡት። ጋሼ ሞልቼ አልሞቱም ያላቸው እነዚህን ከሆነ እውነቱን ነው። ያንተዋ ግን ከ2005 እ.ኤ.አ. በኋላ በመጣው ቅርጽ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠራች፣ አውቶማቲክ ሺህ ሲሲ ከሆነች፣ ውስጧ ያለው ሲቪቲ ነው።

እርግጠኛ ለመሆን የደላላ ወሬ አትስማ። በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ ወይም ኮፈኑ ሥር የፋብሪካው ሰሌዳ አለ። የሞዴሏ፣ የሞተሯና የካምቢዮዋ ቁጥር እዚያ ተጽፏል። ቶዮታ ላይ የካምቢዮው ቁጥር በእንግሊዝኛው ፊደል በኬ ከጀመረ ሲቪቲ ነው፤ በዩ ወይም በኤ ከጀመረ ባለ ማርሹ ነው። የጃፓንኛው መጽሐፍ አብሯት ከመጣም አትጣለው፤ ባታነበውም የዘይቱ ስም በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው። ሰሌዳውን በስልክህ ፎቶ አንሳው።

«ታዲያ ልዩነቱ ምንድን ነው? ሁለቱም ዘይት አይደሉ?» ትለኝ ይሆናል። ጋሼም የሚለው ይህንኑ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ባለ ማርሹ አውቶማቲክ ውስጥ ጥርስ ያላቸው ማርሾች አሉ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ ይቀይራል፤ ሲቀይርም ይሰማሃል። ሲቪቲ ውስጥ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ሁለት ፑሌጃዎች አሉ፣ በሁለቱ ላይ ደግሞ ቺንጋ ተጠምጥሟል። እያንዳንዱ ፑሌጃ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ሾጣጣ ሰሐኖች ማለት ነው። ሰሐኖቹ ሲጠጋጉ ቺንጋው ወደ ዳር ይገፋል፣ ሲራራቁ ወደ መሃል ይሰምጣል። አንዱ ፑሌጃ ሲጠጋ ሌላው ይላቀቃል። በዚህ ዓይነት ማርሹ ሳይቆራረጥ፣ እንደ ውሃ እየፈሰሰ ይቀየራል። ለዚህ ነው ሲቪቲ ስትነዳ ሞተሩ በአንድ ድምፅ እያንጎራጎረ መኪናው የሚፈጥነው። ላዳና ማኑዋል የለመደ ሰው መጀመሪያ ቀን «ፍሪሲዮን ያለቀ» ይመስለዋል። ይሄ ጤነኛ ጠባይዋ ነው። የመንቀጥቀጡ ነገር ግን ጤና አይደለም።

ሐሳቡን መኪና ላይ ያዋለው ሁብ ቫን ዶርነ የሚባል የሆላንድ ሰው ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የታየችው ትንሿ ዳፍ 600 በላስቲክ ቺንጋ ነበር የምትሄደው። የብረቱ ቺንጋ ዘግይቶ መጣ፤ ሱባሩ ጀስቲ በ1987 እ.ኤ.አ. ይዞት ወጣ። ያንተም መኪና ውስጥ ያለው የብረቱ ነው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጫጭን የብረት ቅንጣቶች በብረት ቀለበት ላይ እንደ ጨሌ ተደርድረው የተሠራ።

እንግዲህ አስበው። ብረት ብረትን ነክሶ ነው መኪናዋን፣ አንተን፣ ሦስት ተሳፋሪና የገበያ ዘንቢል ተሸክሞ ዳገት የሚወጣው። ቺንጋው ለቅጽበት እንኳ ሊንሸራተት አይገባም። የዘይት ሥራ ደግሞ ማንሸራተት ነው! የሲቪቲ ዘይት የሚቀመመው ይህን የማይታረቅ የሚመስል ነገር ለማስታረቅ ነው። ሌላውን ሁሉ እያለሰለሰና እያቀዘቀዘ፣ ቺንጋው ከፑሌጃው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግን ጨብጦ መያዝ አለበት። በዚያ ላይ ፑሌጃዎቹን የሚያጠጋጋውም የዘይቱ ግፊት ነው። ኤቲኤፍ የተቀመመው ለሌላ ካምቢዮ፣ የክላች ሰሌዳዎች ቀስ ብለው እንዲያያዙ ነው። ብረት በብረት እንዲነክስ አልተባለም።

ክፋቱ የሚታወቅህ ወዲያው አለመሆኑ ነው። ቅዳሜ ከጋሼ ጋ ስትወጣ መኪናዋ ደህና ትሆናለች፤ እንዲያውም «ተሻላት» ልትል ትችላለህ። ቺንጋው በተንሸራተተ ቁጥር ግን ፑሌጃው ላይ ጭረት ይተዋል። የተፋቀው ብረት ዘይቱ ውስጥ ይገባና በየቀጭኑ መተላለፊያ ይሄዳል። ጭረቱ ደግሞ ዘይት ስለቀየርክ አይድንም። ያን ጊዜ የሚወራው ስለ ዘይት መሆኑ ይቀርና ስለ ሙሉ ካምቢዮ ይሆናል።

ይሄ ለአንተ ብቻ አይደለም የሚከብደው። የ2012 ዓ.ም. የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት ነዳጅ የሚጠጡ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ከዚያ ወዲህ በአሮጌ ቪትዝ መቀለድ ቀርቷል። «ብትበላሽ ሌላ እገዛለሁ» የሚል ሰው ካለ ለእሱ ይህ ዓምድ አልተጻፈም።

የእኔንም ልንገርህ፣ ተሸሽጌ እንዳልመክርህ። ከዓመታት በፊት አንድ ያገለገለች ሲቪቲ ነበረችኝ። ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ወሰድኳት። «የምትሞሉት ምንድን ነው?» ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም፤ ቡና አዝዤ ጋዜጣ ሳነብ ጨረሱ። በርሜል ውስጥ ያለውን ነው የሞሉልኝ። አራት ወር ሳይሞላ ጎጃም በረንዳ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ረዳት የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። መኪናዋን በርካሽ ሸጥኳት። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው እላለሁ እስከ ዛሬ።

ወደ ገበያው እንሂድ። ያንተዋ ቪትዝ የምትጠይቀው ዘይት ቶዮታ «ሲቪቲኤፍ ቲሲ» የሚለውን ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ የወጣው ቀጣዩ ቅርጽ ቪትዝ ያላችሁ ግን «ሲቪቲኤፍ ኤፍኢ» ነው የእናንተ። ነጋዴው «ኤፍኢው አዲስ ነው፣ ይበልጣል» ሊልህ ይችላል። አይበልጥም፣ ይለያል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ የቀጠነ ነው። መኪናዋ የተሠራችው ለወፈረው ከሆነ የወፈረውን ስጣት። ሰሌዳዋ ወይም መጽሐፏ ከእኔ የተለየ ነገር ካለ ደግሞ እኔን ተወኝና እሱን ስማ።

ኒሳን ያላችሁ ጣሳው ላይ ኤንኤስ-2 ወይም ኤንኤስ-3 የሚለውን ፈልጉ፤ የትኛው እንደሆነ መጽሐፉ ይነግራችኋል። ሆንዳ ያላችሁ ድሮ ኤችኤምኤምኤፍ፣ በኋላ ኤችሲኤፍ-2። ፕሪየስ ያላችሁ ጉድ ስሙ፦ የእናንተው «ኢ-ሲቪቲ» ይባላል እንጂ ውስጡ ቺንጋ የለም፤ ማርሽና የኤሌክትሪክ ሞተር ነው፣ የሚጠጣውም ኤቲኤፍ ደብሊውኤስ ነው። ሲቪቲ የሚለውን ቃል ሰምቶ ፕሪየስ ላይ የሲቪቲ ዘይት የሚሞላም አይጠፋምና። የሕንዷ አውቶማቲክ ዲዛየር ደግሞ ጭራሽ ማኑዋል ካምቢዮ ናት፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጥልህ ኮምፒውተር ነው።

የቶዮታው ዘይት ቢጠፋስ? ለብዙ ዓይነት መኪና ይሆናል የሚል የሲቪቲ ዘይት የሚሠሩ ትልልቅ ኩባንያዎች አሉ፤ በእኔ ግምት ከታወቀ ኩባንያ እስከ ሆነና ጣሳው ጀርባ ላይ «ቲሲ» የሚለው በግልጽ እስከ ተዘረዘረ ድረስ አይከፋም። ፊት ለፊቱ ላይ በትልቁ «ለሁሉም» ብሎ ጀርባው ላይ ዝርዝር የሌለውን መልሰው። በቀለም አትምረጥ። ቀለሙ ፋብሪካው የሚጨምረው ማቅለሚያ ነው፤ ቀይም አረንጓዴም ሊሆን ይችላል። ከበርሜል ወይም ከተከፈተ ጀሪካን የሚቀዳልህንም አትግዛ።

ዘይቱን ለዓመታት የመለዋወጫ መናኸሪያ ሆኖ የኖረው ሶማሌ ተራም ፈልገው፣ የቶዮታ ወኪል የሆነው ሞኤንኮም ደውለህ ጠይቅ። የትም ግዛ፣ ማሸጊያውን እይ፤ ክዳኑ ሥር ያለው ቀለበት ያልተበጠሰ፣ የታተመው ቁጥር ያልተፋቀ ይሁን። ከአንድ ካርቶን የወጡ ጣሳዎች ክብደታቸው ከተለያየ ወይም ጽሑፋቸው ከደበዘዘ ተዋቸው። ደረሰኝ ውሰድ። ነጋዴው ደረሰኝ ሲባል ፊቱ ከተቀየረ መልሱን አግኝተሃል። «ሁለት ጠብታ ካምቢዮ ታድሳለች» የሚል ትንሽ ጠርሙስ ሊጨምርልህ ከሞከረም አመስግነህ ውጣ።

አሁን ከባዱ፣ ጋሼ። እጮኛህ እንዳታዋርደው ያለችህ እውነቷን ነው። ግን ያንተም ጥፋት አለ፤ «ጓደኛዬ እንዲህ አለ» ብለህ ነው የሄድከው። ላዳ ሲፈታ ለኖረ ሰው የአንድ ሾፌር ወሬ ይዞ መሄድ ስድብ ነው። በመጀመሪያ ሰሌዳውን ፎቶ ለእጮኛህ አሳያት። የእሷም መኪና ናት፤ አራት ዓመት የቆጠበችው በወንድሟና በአንተ መካከል ዝም ብላ ልትቀመጥ አይደለም። ከዚያ ሁለታችሁ ዘይቱን ገዝታችሁ፣ ደረሰኙንና ፎቶውን ይዛችሁ አብራችሁ ሂዱ። «ጋሼ፣ የሞላሃቸው ባለ ማርሾቹ ናቸው፤ ይቺ ግን የጃፓኗ ናት፣ ካምቢዮዋ በኬ ይጀምራል፤ ዘይቷን ገዝተን መጥተናል፣ እጁ ግን ያንተ ይሁን» በሉት። መካኒክ ብረት ሲያሳዩት ይገባዋል። ነፃውንም ተወው፤ የእጅ ዋጋውን በግድም ቢሆን ስጠው። በነፃ የሚሠራልህን ሰው ምን ሞላህ ብሎ መጠየቅ ይከብዳል፤ የከፈልከውን ግን ትጠይቃለህ። ይህን ሁሉ አድርገህ አሁንም «ዘይት ዘይት ነው» ካለ፣ መኪናዋን አታስነካ። ሌላ ጋ መውሰድህንም ደብቀህ ሳይሆን ነግረኸው አድርገው። ያኮርፋል፤ ኩርፊያ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ይበርዳል።

እሺ ካለ፣ ሥራው እንዲህ ነው። መኪናዋ ለጥ ባለ ቦታ ትቁም። አሮጌው ዘይት በንጹሕ ዕቃ ይፍሰስና በሊትር ይለካ። ኮፓው ይውረድ፤ ውስጡ የብረት ብናኝ የሚሰበስቡ ማግኔቶች አሉ። ማግኔቱ ላይ እንደ አመድ የላመ ጥቁር ጭቃ ብቻ ካለ ደግ ነው፣ ይጠረግ። በጣት የሚቆረቁር የብረት ስንጥር ካለ ግን ሥራውን እዚያው አቁማችሁ ተመካከሩ፤ ሕመሙ ከዘይት አልፏል ማለት ነው። ፊልትሮው ይቀየር ወይም ይጽዳ። ጋርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን። ከዚያ የፈሰሰውን ያህል ይሞላ። ልኩ የሚታየው ግን ብርድ ላይ አይደለም፤ ሞተሩ ተነስቶ፣ ማርሹ በየቦታው አንዳንዴ ገብቶ ወጥቶ፣ ዘይቱ መጽሐፉ በሚለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው። ቢያንስም ቢበዛም ጉዳት አለው፤ ሲበዛ አረፋ ይሆንና ግፊት ያጣል።

አንድ ጊዜ ሲፈስ ሁሉም እንደማይወጣ እወቅ፤ ቶርክ ኮንቨርተሩና የውስጥ መተላለፊያዎቹ የያዙት ይቀራል። ግማሹ ይወጣል ብንል፣ አንዴ ስትቀይር ግማሹ አሮጌ ነው፣ ሁለቴ ስትቀይር ሩቡ። ስለዚህ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ነድተህ አንድ ጊዜ መድገሙ ለእንዳንተ ያለ ታሪኳ ላልታወቀ መኪና ወጪው ያዋጣል። በማሽን ግፊት «ጥርግ አድርገን እናጥባለን» የሚሉህን ግን ለአሮጌ ካምቢዮ አልመክርም፤ የተኛውን ቆሻሻ ቀስቅሶ ቀጭኑ መተላለፊያ ላይ ሊወትፈው ይችላል።

ይህን ጋዜጣ ከማንበብህ በፊት ቀዩ ዘይት ገብቶ ከሆነስ? አትንዳት። ባለችበት ይፍሰስ፣ ትክክለኛው ይሞላ፣ ሞተሩ ተነስቶ ማርሹ እየተቀያየረ ደቂቃዎች ይቆይ፣ እንደገና ይፍሰስ። ሁለት ሦስቴ። ገንዘቡ ያማል፤ አውቃለሁ።

ስለ መንቀጥቀጡ በሐቅ ልናገር። ዘይት አርጅቶ ብቻ ከሆነ፣ አዲሱ ከገባ በኋላ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ካልቀነሰ ጭረት ተጀምሯል ወይም ሌላ ብልሽት አለ፤ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ የካምቢዮውን ግፊትና ኮድ ያንብብላችሁ። የሞተር መያዣ ጎማ ሲበላም እንዲሁ ታንቀጠቅጣለችና ጋሼ እሱንም ይየው፤ እዚያ ላይ ያንተን ጓደኛ አስር ጊዜ ይበልጠዋል። ቀን ሙሉ በከተማ መጨናነቅ የምትሠራ መኪና ዘይቷ ይሞቃል፣ ቶሎም ያረጃል። ብዙ ባለሙያዎች እንዲህ ላለች መኪና በየ40 ሺህ ኪሎ ሜትሩ መቀየር ይመክራሉ፤ ያንተ ሥራ ከዚያ ቢቀድም እንጂ የሚዘገይ አይደለም።

ሲያልቅ አንድ ቁራጭ ካርቶን ላይ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና «ሲቪቲኤፍ ቲሲ» የሚለውን አስጽፈህ ኮፈኑ ሥር ለጥፈው። ጽሑፉ የጋሼ ይሁን። ነገ ሌላ መካኒክ ከፍቶ «ማነው የሞላው?» ቢል የሚያየው የእሱን እጅ ነው።